ኤስኤስዲ ወይስ ሃርድ ዲስክ? ብራችሁን ሳታወጡ አንብቡት

ሰሞኑን የሚደውልልኝ ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው። «ላፕቶፔ ተንቀራፈፈብኝ፣ አዲስ ልግዛ?» አትግዙ። ውስጡ ሃርድ ዲስክ (ፋይል በሚሽከረከር ሳህን ላይ የሚያስቀምጠው የቆየው ዓይነት) ካለ በኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር በሌለው፣ በቺፕ ላይ በሚያስቀምጠው) ቀይሩት። ራሙ 8 ጊጋ ከሆነማ ገና ብዙ ያገለግላችኋል። የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ በሴኮንድ 100 ሜጋባይት ገደማ ነው የሚያነበው፣ ሳታ በሚባለው የተለመደ ማገናኛ የሚሠራው ተራ ኤስኤስዲ 550 አካባቢ ይደርሳል።

ወደ ዋጋው እንምጣ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን የዚህ ዕቃ ዋጋ ዶላርን ተከትሎ ነው የሚሄደው፣ ያለፈውን ወር ዋጋ ይዛችሁ አትከራከሩ። ሜክሲኮ ጠይቁ፣ ስታዲየም ጠይቁ፣ ጊዜ ካላችሁ መርካቶም ውረዱ። ከዚያ ዋጋውን ለጊጋው አካፍሉት። 480 ጊጋው አብዛኛውን ጊዜ የ240ውን እጥፍ አያስከፍልም፣ ስለዚህ ትንሽ ጨምሮ እሱን መውሰድ ያዋጣል። 128ቱን ተዉት፣ ዊንዶውስና ጥቂት ፕሮግራሞች ከገቡበት በኋላ ቦታ አይተርፈውም።

ኤንቪኤምኢ የሚባለው ሌላው የኤስኤስዲ ዓይነት ከሳታው በብዙ እጥፍ ይፈጥናል። ለቢሮ ሥራና ለኢንተርኔት ግን ልዩነቱ ያን ያህል አይሰማም። ዋጋቸው ከተቀራረበና ላፕቶፑ ከተቀበለው ውሰዱት። ኤም ዶት ቱ በሚባለው ቀጭን ቅርጽ ሳታም ኤንቪኤምኢም ስለሚመጣ፣ ቦታው ላይ ስለገባ ብቻ ይሠራል ማለት አይደለም። ላፕቶፑን ይዛችሁ ሂዱ፣ እዚያው ተገጥሞ ሲሠራ እዩ።

አሁን ስለ ኮፒው፣ ማለትም ስለ ሐሰተኛው ዕቃ። የአክስቴ ልጅ 2 ቴራ (2000 ጊጋ ገደማ) የሚል ኤክስተርናል ኤስኤስዲ በርካሽ አገኘሁ ብላ የእህቷን የሠርግ ቪዲዮ ጫነችበት። ኮምፒውተሩም 2 ቴራ ብሎ ያሳያል። ቪዲዮዎቹ ግን አብዛኞቹ አይከፈቱም። ሽፋኑን ስንፈታው ውስጡ በሙጫ የተለጠፈች ሜሞሪ ካርድ ናት! እንዲዋሽ ተደርጎ ነው የተሠራው፤ እውነተኛው ቦታ ካለቀ በኋላ የተጫነው ሁሉ ይጠፋል። የሰው ሠርግ ነው የጠፋው፣ አሁንም ያናድደኛል። 2 ቴራ ከታወቀ ብራንድ 500 ጊጋ ባነሰ ዋጋ ከተጠራላችሁ ጥላችሁ ውጡ። የገዛችሁትንም ኤችቱቴስትደብልዩ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም እስከ አፉ ሞልታችሁ ፈትሹት። «አዲስ ነው» የተባለውን ደግሞ በክሪስታል ዲስክ ኢንፎ እዩት፣ ስንት ሰዓት እንደሠራ ያወጣዋል። ቁጥሩን ዜሮ የሚያደርጉ ስላሉ ግን ደረሰኝና በጽሑፍ የሰፈረ ዋስትና ሳትይዙ እንዳትከፍሉ። ለዚህ ትንሽ ቢጨመርባችሁም አትቆጩ።

ሃርድ ዲስክ ለማስቀመጫ ይሁናችሁ። ለፎቶና ለቪዲዮ በጊጋ ሲሰላ አሁንም ርካሹ እሱ ነው። ኤስኤስዲ ብዙ ጊዜ ምልክት ሳይሰጥ ድንገት ነው የሚሞተው፣ ከሞተ ደግሞ ዳታውን ማውጣት ከሃርድ ዲስክ ይከብዳል። አሮጌውን ሃርድ ዲስክ ጥገና ቤት ጥላችሁት አትምጡ። ጤነኛ ከሆነ ኬዝ (በዩኤስቢ የሚሰካ ማቀፊያ) ግዙለትና የፋይላችሁን ሁለተኛ ቅጂ አስቀምጡበት።