«184 አልፏል ወይ?» በስልክ ሯጭ የሚመዘግበውን አፕ በሦስት ውድድር ሞከርኩት

ጥያቄው በሬዲዮ የመጣው ሊመሽ ሲል ነው። «32 ኪሎ ሜትር፣ 32 ኪሎ ሜትር፣ ትሰማኛለህ? 184 አልፏል ወይ?» ስልኬን አየሁ። አረንጓዴ ምልክት፣ ከጎኑ ሰዓቱ። «አልፏል» አልኩ በሙሉ አፌ። አጠገቤ ወረቀትና እርሳስ ይዘው የተቀመጡት ጋሼ ግን መነጽራቸውን አስተካክለው ዝርዝራቸውን በጣታቸው ከላይ እስከ ታች ወረዱበት። «የለም» አሉ። «እኔ ጋ 184 የሚባል ሰው የለም።»

ወደዚህ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ስለ አፑ።

ስሙን አልጠራም። ወቀሳ አለኝ፣ ከወቀሳው ግማሹ ደግሞ የራሴ ጥፋት ነው። ሥራው ቀላል ነው። ውድድሩ መሃል ባለ ጣቢያ ላይ የቆመ በጎ ፈቃደኛ የሚያልፈውን ሯጭ ቁጥር ስልኩ ላይ ያስገባል። ስልኩ ሰዓቱን ይይዛል። ኔትወርክ ሲገኝ ዝርዝሩን ለአዘጋጆቹ ይልካል። እኔ በሦስት ውድድር ተጠቅሜበታለሁ፤ ሁለቱ የጎዳና ሩጫ፣ ሦስተኛው 260 ያህል ሰው የሮጠበት የ50 ኪሎ ሜትር የተራራ ሩጫ። ሬዲዮው የጠራኝ በሦስተኛው፣ 32 ኪሎ ሜትር ላይ ባለው ጣቢያ ቆሜ ነው።

ቺፕ እያለ ስልክ ምን ያደርጋል የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፣ ትልልቅ ውድድር ላይ ሯጩ ጫማው ወይም የደረት ቁጥሩ ላይ ቺፕ አለ፤ ምንጣፍ ረግጦ ሲያልፍ ቺፑ ይነበብና ሰዓቱ ይያዛል፣ ነገሩ በዚያው ያልቃል። ቦስተን ማራቶን እ.ኤ.አ. በ1996 ቺፕ መጠቀም ጀምሯል። ምንጣፉ ግን አንቴና አለው፣ ማንበቢያ ማሽን አለው፣ ባትሪ ይፈልጋል፣ የሚያውቀው ሰውም ይፈልጋል። ያን ሁሉ ተሸክሞ መኪና የማይገባበት ተራራ ላይ ማን ይወጣል? ስለዚህ ምንጣፉ መጨረሻው መስመር ላይ ይዘረጋል። መሃል መንገድ ላይ ያለነው ኪሳችን ውስጥ ባለው ነገር እንሠራለን።

የመጀመሪያው ራስ ምታት ሰዓት ነው። አፑ ሰዓቱን የሚወስደው ከስልኩ ነው፤ ትክክል ነው አይደለም ብሎ አይጠይቅም። በመጀመሪያው ውድድር ሦስት ጣቢያ፣ ሦስት ስልክ ነበርን። ሁለተኛው ጣቢያ ላይ የነበረው ልጅ ለካ እንዳያረፍድ ብሎ ስልኩን ሁለት ደቂቃ አስቀድሞት ነው የሚኖረው። ማታ ውጤቱ ሲወጣ ሯጩ በሙሉ ወደ እሱ ጣቢያ ሲደርስ እንደ ኤሊ ተንፏቆ፣ ከዚያ ወዲያ እንደ ጥይት ተፈትልኮ ታየ። ሳቅን እንጂ ማስተካከሉ እስከ እኩለ ሌሊት ወሰደ። አሁን ጠዋት ኔትወርክ ካለበት ሳንወጣ ስልኮቹ ሰዓታቸውን በራሳቸው ከኔትወርክ እንዲወስዱ አደርጋለሁ። ከዚያ ጎን ለጎን ደርድሬ ሰከንዱ እኩል ሲቀየር በዓይኔ አያለሁ። አፑ ይህን በራሱ ቢፈትሽ ምን ነበረበት?

እሱ የሚጨነቀው በሌላ ነገር ነው። ሰዓቱን እስከ ሰከንድ መቶኛ ድረስ ይጽፋል። እኔ ሯጩን አይቼ ጣቴ ስክሪኑ ላይ እስኪወርድ ስንት መቶኛ እንደሚሄድ አስቡት። በዓለም አትሌቲክስ ደንብ እንኳ የጎዳና ሩጫ ሰዓት የሚጻፈው ወደሚቀጥለው ሙሉ ሰከንድ ከፍ ተደርጎ ነው። 2:09:44.3 የገባ ሰው 2:09:45 ይባላል። ሜዳ ላይ ላለነው ሙሉ ሰከንድም ቅንጦት ነው።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ። አፑ ሁለት የመመዝገቢያ መንገድ አለው። አንደኛው ቁጥሩን ጽፎ «አስገባ» ማለት ነው። ሯጭ በየሁለት ደቂቃው አንድ አንድ እያለ ሲመጣ ይሄኛው ይበቃል። ሁለተኛው ሰዓቱን አስቀድሞ ቁጥሩን በኋላ የሚሞላው ነው። ሰውየው መስመሩን ሲያልፍ ግማሽ ስክሪን የሚሸፍነውን ቁልፍ ትጫናላችሁ፣ ሰዓቱ ባዶ ረድፍ ላይ ይቀመጣል፣ ቁጥሩን ስትረጋጉ ትሞሉታላችሁ። ስምንት ሰው ተያይዞ ሲመጣ ይሄ ነፍስ ያድናል። ታ ታ ታ ታ፣ ስምንት ረድፍ።

ችግሩ ግን ቁጥሩ ያለው ደረት ላይ ነው። ካለፉ በኋላ የምታዩት ጀርባ ነው። በሁለተኛው ውድድር ስምንት ሰዓት ይዤ ስምንት ጀርባ እያየሁ ቀረሁ። አንዷን ብቻ በቀይ ካልሲዋ አስታውሼ ሞላሁ። ከዚያ ወዲህ ብቻዬን አልቆምም። አንድ ሰው 20 ሜትር ያህል ቀደም ብሎ ይቆምና ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያነባል፣ እኔ አስገባለሁ። ሲነበብም «መቶ ሰማንያ አራት» ሳይሆን «አንድ፣ ስምንት፣ አራት» እየተባለ ነው። ይህን የነገሩኝ ጋሼ ናቸው፤ የነገሩኝ ግን ከተሳሳትኩ በኋላ ነው።

የካሜራው ነገር አሳዝኖኛል። የደረት ቁጥሩ ላይ ኪው አር ኮድ ታትሟል፣ ካሜራውን ስትደግኑበት አፑ ራሱ ያነበዋል ተብሎ ነበር። ቢሮ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ስንሞክረው ቆንጆ ሠራ። ሯጭ ግን ጠረጴዛ አይደለም። ወረቀቱ በላብ ተጨማድዷል፣ አንዱ ጭኑ ላይ ሰክቶታል፣ ሌላው የዝናብ ጃኬቱን ደርቦበታል። 32 ኪሎ ሜትር ሮጦ የመጣን ሰው «ወንድሜ አንዴ ቁምልኝ፣ ደረትህን ቀና አድርግልኝ» ማለት ደግሞ ድፍረት ነው። አንዱን እንዲህ ብዬው የተመለከተኝን አስተያየት አልረሳውም። በአምስት ሰው ሞከርኩት፣ ሁለቱን አነበበልኝ። ዘጋሁት።

ከዚያ ዝናብ መጣ። እርጥብ ስክሪን ጣት አይለይም። ጠብታው ራሱ ቁጥር ይጫናል፣ እናንተ ስትጫኑ ደግሞ እምቢ ይላል። ስልኩን ዚፕ ባለው ስስ ላስቲክ ውስጥ አድርጌ ከላይ እየነካሁ ተገላገልኩ፤ ከውጭ ሲረጥብ በእጅጌ ጠረግ ማድረግ ብቻ ነው። ቁልፎቹ ትልልቅ መሆናቸው እዚህ ላይ ጠቀመኝ። ማን እንደነደፈው አላውቅም፣ ግን ብርድ የመታው ጣት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ነው።

ብርዱ ጣትን ብቻ ሳይሆን ባትሪንም ይጎዳል። ስልኩን ድንጋይ ላይ ካስቀመጣችሁት ሲቀንስ ታዩታላችሁ። ደረት ኪስ ውስጥ፣ ሰውነት አጠገብ ሲሆን ይሻለዋል። ኔትወርክ በሌለበት ደግሞ ስልኩ ሲግናል ሲፈልግ ነው ባትሪውን የሚጨርሰው። ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉትና በየግማሽ ሰዓቱ ከፍታችሁ ላኩ። አፑ ያለ ኔትወርክ መሥራቱ ትልቁ ጥሩ ጎኑ ነው። ስልኩ ላይ ያስቀምጣል፣ ምን ያህል እንዳልተላከ በቁጥር ያሳያል፣ አንድም ሰው ጠፍቶብኝ አያውቅም።

አንድ ሰው ሁለቴ ሲገባ ግን ይወዛገባል። በሁለተኛው ውድድር አንዱ ሯጭ ውኃ ጠጥቶ ከሄደ በኋላ ኮዳውን ረስቶ ተመለሰ፤ ይዞ ድጋሚ ሲያልፍ የሚያነበው ልጅ ድጋሚ አነበበ፣ እኔም ድጋሚ አስገባሁ። አፑ የኋለኛውን ሰዓት ይዞ የፊተኛውን ደበቀው። ሁለቱንም አሳይቶ «የቱ ይሁን?» ማለት ነበረበት። በኋላ ቅንብሩ ውስጥ ስጎረጉር የመጀመሪያውን እንዲይዝ የሚያደርግ ምርጫ አገኘሁ። ከፋብሪካው ሲወጣ በተቃራኒው የተደረገበት ምክንያት ግን እስካሁን አልገባኝም።

መጠባበቂያ ብዬ ሌላ አሮጌ ስልክ እንጨት ላይ አስሬ ቪዲዮ እንዲቀርጽ አድርጌም ነበር። ጠቃሚ ነው። የተጠራጠራችሁትን ቁጥር ወደ ኋላ ሄዳችሁ ታያላችሁ። ግን ቦታ ይበላል፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሞልቶ ቆመ። ሰው ችምችም ብሎ በሚመጣበት ሰዓት ብቻ ክፈቱት።

እንግዲህ 184።

አፑ ውስጥ «ያልደረሱ» የሚል ገጽ አለ። መጀመሪያ ላይ ልብ አላልኩትም ነበር፣ የማየው ያለፉትን ነው። ተራራ ላይ ስቆም ነው ሥራዬ ይሄ ገጽ መሆኑ የገባኝ። የሯጩን ትክክለኛ ሰዓት መጨረሻው መስመር ላይ ያለው ምንጣፍ ይነግረናል። ከእኔ የሚፈለገው ማን ገና እዚያ ጫካ ውስጥ እንዳለ ነው።

ጣቢያ ላይ መመዝገብ ሌላም ጥቅም አለው፤ አጭበርባሪ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1980 ሮዚ ሩዊዝ ቦስተን ማራቶንን በ2:31:56 ከሴቶች አንደኛ ሆና ጨርሳ አክሊል ደፋች። መንገዱ ላይ የነበሩት ታዛቢዎች ግን ስታልፍ አላዩአትም። ከስምንት ቀን በኋላ ድሉ ለካናዳዊቷ ዣክሊን ጋሮ ሆነ። ደስ የሚል ታሪክ ነው፣ እኛ ጋ ግን ያን ዕለት የሚያጭበረብር ሰው አልነበረም። የጠፋ ሰው ነበር።

አዘጋጆቹ የጠየቁት 184 ከእኔ ቀጥሎ 41 ኪሎ ሜትር ላይ ካለው ጣቢያ ስላልደረሰ ነው። እኔ «አልፏል» ካልኩ የሚፈለገው በእኔና በ41 መካከል ነው። ካላለፈ ደግሞ ከእኔ በስተኋላ። ሰዎች ባውዛ ይዘው ሊወጡ እየተዘጋጁ ነው፣ የትኛው አቅጣጫ እንደሚሄዱ የሚወስነው የእኔ አረንጓዴ ምልክት ነው። ጋሼ ወረቀታቸውን ሰጡኝ። እኔ 184 ያልኩበት ሰዓት አካባቢ እሳቸው ጋ 148 ተጽፏል። «ያልደረሱ» የሚለውን ገጽ ከፈትኩ። 148 እዚያ ነው። በሬዲዮ 41ን ጠየቅኩ፤ 148 ከእነሱ ጋ ካለፈ ቆይቷል አሉኝ። ሁለት አሃዝ አገለባብጬ የደረሰውን ሰው አልደረሰም፣ ያልደረሰውን ደርሷል ብያለሁ። ላብ አጠመቀኝ፣ በዚያ ብርድ።

አፑን እዚህ ላይ ልወቅሰው? ሁለቱም ቁጥር ዝርዝሩ ውስጥ ስላለ ዝም ብሎ ተቀበለኝ። ግን ሳስገባ ስምና ጾታ ከቁጥሩ ሥር ብቅ ይላል፣ በግራጫ ደቃቃ ፊደል፣ ፀሐይ ላይ ፈጽሞ በማይታይ። 184 ወንድ፣ 148 ደግሞ ሴት መሆኗን ያወቅኩት በኋላ ነው። ፊደሉ ቢጎላ ኖሮ ከፊቴ ሴት እያለፈች የወንድ ስም ባየሁ ነበር። ለሠሪዎቹ ጽፌላቸዋለሁ፣ እስካሁን መልስ የለም። ለማመስገን ያህል ግን፣ ቁጥሩን ሳስተካክል የመጀመሪያዋን ሰዓት አልነካብኝም፤ 148 የደረሰችበት ሰዓት እንዳለ ነው። ማስተካከያውን ለመላክ ኔትወርክ አልነበረም፣ በሬዲዮ ተናዘዝኩ።

እንግዲህ አፑን ልጠቀምበት ወይስ ይቅርብኝ ለምትሉ፦ ከሁለት ሰው በላይ ካላችሁና አንዱ ወረቀት ከያዘ፣ አዎ። ብቻችሁን ከሆናችሁ ወረቀቱን ያዙ፣ ስልኩን ተዉት። እስክሪብቶም አትያዙ፣ ወረቀት ሲረጥብ አይጽፍም። ካሜራ ማንበቢያውን ከመጀመሪያው እርሱት።

ሬዲዮውን ካስቀመጥኩ 50 ደቂቃ ያህል በኋላ ከታች በኩል የግንባር መብራት ታየ፣ ሁለት። አንዱ ከሯጮች ሁሉ ኋላ የሚመጣው የማጠቃለያ ሰው ነው። ሌላው ዱላ ተደግፎ ያነክሳል፣ ቁርጭምጭሚቱ ወለም ብሎታል። ሻይ ሰጠነው፣ ቁጭ አለ። መብራቱን ደረቱ ላይ አደረግኩበት።

«አንድ፣ ስምንት፣ አራት» አልኩ ጮክ ብዬ።

ጋሼ ጻፉ። ቀና ብለው የልጁን ደረት አዩ፣ መልሰው ወረቀታቸውን አዩ።

«አሁን አስገባው» አሉኝ።