የመጀመሪያዋ የውቅያኖስ ቀዘፋ ጀልባችሁ፦ የአንድ፣ የሁለት ወይስ የአራት ሰው?

ጀማሪ ገዢ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ፍጥነት ይጠይቃል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ስንት ሆናችሁ እንደምትቀዝፉ ነው። ወጪውም እንቅልፉም የሚወሰነው በዚያ ነው።

የአንድ ሰው ጀልባ ከ6 እስከ 7 ሜትር ትረዝማለች። ከማንም ጋር አትጨቃጨቁም፣ ያሻችሁ ጊዜ ትነሳላችሁ። ስትተኙ ግን የሚቀዝፍ የለም። ነፋሱ ከኋላ ከሆነ እሰየው። ከፊት ከመጣ ቀን የለፋችሁበትን ሌሊት ይወስድባችኋል፤ ፓራሹት የሚመስለውን የባሕር መልሕቅ ጥሎ መጠበቅ ነው። የባሕርን ውሃ ለመጠጥ የሚያጣራው ጨው ማጣሪያ፣ ሶላሩ፣ ሬዲዮው፣ የነፍስ አድን ጀልባው ለአንድ ሰውም ለአራትም ያስፈልጋል። እዚህ ሙሉ ሂሳቡ የእናንተ ነው።

የሁለት ሰው ጀልባ 7 ሜትር አካባቢ ናት። እ.ኤ.አ. በ1966 የብሪታንያ ወታደሮቹ ጆን ሪጅዌይና ቼይ ብላይዝ ማደሪያ በሌላት ክፍት ጀልባ አትላንቲክን በ92 ቀን የተሻገሩት ሁለት ሆነው ነው። ዛሬ የተለመደው ሁለት ሰዓት ቀዘፋ፣ ሁለት ሰዓት እረፍት ነው። ታዲያ ጓደኛሞቹ በደንብ የሚገናኙት ተራ ሲቀያየሩ ነው! የምፈራላቸው ግን የመጀመሪያዎቹን ቀናት ነው። ማዕበሉ አንዱን አስመልሶ ከጣለው ሌላው ብቻውን ቀረ ማለት ነው።

ለጀማሪ ምርጫዬ የአራት ሰው ጀልባ ናት። ከ8 ሜትር ተኩል በላይ ትሆናለች። ሁለቱ ሲተኙ ሁለቱ ስለሚቀዝፉ አትቆምም። አንድ ሰው ቢታመም ሦስት ይቀራሉ፣ ወጪውም ለአራት ይካፈላል። ማደሪያው ጠባብ ነው፤ ፀባያችሁ ካልተስማማ ግን ጥበቱን ማን ያስታውሰዋል?

ቅርጿንም እዩ፤ ክላሲክና ኮንሴፕት የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች አሉ። በክላሲክ ጀልባ ትልቁ ማደሪያ ከኋላ ነው፣ በኮንሴፕት ከፊት። ከካናሪ ደሴቶች ወደ ካሪቢያን፣ 4,800 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነው መንገድ፣ ነፋሱ በአብዛኛው ከኋላ ይመጣል። ኮንሴፕት ማደሪያዋ እንደ ሸራ እየተገፋ ትፈጥናለች። ነፋሱ ከጎን ሲሆን ግን አፍንጫዋን እየገፋ መስመር ያስታል። ባሕር ዳርቻ ላይም ለምትለማመዱ ክላሲክ ይሻላል።

ኮምፔርሳቶ ወይስ ካርቦን ፋይበር? ካርቦኑ ይቀላል፣ ይወደዳልም። ያገለገለች ስትገዙ ከዚህ ይልቅ የማደሪያ በሮቿን ጎማ ፈትሹ። ብትገለበጥ የምትቃናው በታሸገው ማደሪያ ውስጥ ባለው አየር ነው፤ በሩ ካፈሰሰ ተስፋ የለም። ሻጩ ጨው ማጣሪያውን እፊታችሁ በባሕር ውሃ ያስነሳ። ጀልባዋ በየብስ የምትጫንበት ተጎታች በዋጋው ውስጥ መኖሩንም ጠይቁ።

መቅዘፊያ ጨብጣችሁ የማታውቁ ከሆነ ሦስቱንም አትግዙ። መጀመሪያ የባሕር ዳርቻ ቀዘፋ ክለብ ገብታችሁ በእነሱ ጀልባ ማዕበል ልመዱ።