ሜላቶኒን፦ የሚቀባው ይሻላል ወይስ የሚዋጠው?

እንቅልፍ እምቢ ያላቸው ወጣቶች ደጋግመው የሚጠይቁት ነው። ሜላቶኒን ሲጨልም አንጎል የሚያመነጨው ሆርሞን ነው። በክኒንም፣ ቆዳ ላይ በሚቀባ ክሬም ወይም በሚለጠፍ ፕላስተርም ይሸጣል።

ማስረጃ፦
ክኒኑ ብዙ ተጠንቷል። በ2013 የወጣ የጥናቶች ድምር ትንተና እንደሚለው ቶሎ ያስተኛል፤ ግን በአማካይ በ7 ደቂቃ ገደማ ብቻ። አዎ፣ 7 ደቂቃ!
የሚቀባው ወጣቶችን እንደሚያስተኛ የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ የለም።

አሠራር፦
ከሚዋጠው አብዛኛውን ጉበት ያስቀረዋል። የተረፈው በ1 ሰዓት ገደማ ደም ውስጥ ጣሪያ ይነካል።
ቆዳ ግን አጥር ነው። ሆርሞኑ እዚያው ተጠራቅሞ ቀስ እያለ ይገባል። ማታ የለጠፉት ጠዋትም እንቅልፍ እንቅልፍ ሊያሰኝ ይችላል። የፊት ክሬሙማ ከነጭራሹ የተሠራው ለቆዳ ነው። (የሚገርመው በ1958 ሜላቶኒንን ለይቶ ያወጣው አሮን ለርነር የቆዳ ሐኪም ነበር።)

ስጋት፦
ክኒኑ ራስ ምታትና ድብታ ሊያመጣ ይችላል፣ የሚለጠፈው ማሳከክ። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ መለያው ላይ የተጻፈው መጠን ነው። በ2017 በካናዳ 31 የሚዋጡ ምርቶች ሲመረመሩ አንዱ ከተጻፈው 83% ያነሰ፣ ሌላው 478% የበለጠ ይዞ ተገኝቷል።

ለማን የቱ?
የእንቅልፍ ሰዓቱ ወደ ንጋት ለተገፋበት፣ ሐኪም አማክሮ ትንሽ መጠን ያለው ክኒን።
ክኒን መዋጥ ለሚቸግረው፣ ፕላስተሩ፤ ብዙ ሳይጠብቅ።
ለቆዳው ለሚጨነቅ፣ ክሬሙ።
ስልኩን አልጋ ላይ ይዞ ለሚያነጋ ግን መጀመሪያ ስልኩን ማራቅ ነው፤ ብርሃኑ የራሱን ሜላቶኒን እያፈነበት ነው።