በተገጠመ የኪችን ካቢኔት ዙሪያ የተሠራ ሴራሚክ፦ የአንድ ቡድን ሥራ ግምገማ

በኮንዶሚኒየም ቤታችን ወጥ ቤት ውስጥ የግራናይቱ ጠረጴዛና የላይኛው ካቢኔት ቀድመው ተገጥመው ስለነበር፣ በመካከላቸው ባዶውን የቀረውን ግድግዳ በሴራሚክ ለመሸፈን አንድ አነስተኛ የአዲስ አበባ የባለሙያዎች ቡድን አሠርተናል። ሥራቸው በአብዛኛው አስደስቶኛል፤ ቅር ያሰኘኝን አንድ ነገርም ከዚህ በታች እገልጻለሁ።

ከሁሉ በላይ የምመሰክርላቸው አንድም ሴራሚክ ከመቁረጣቸው በፊት ስላደረጉት ልኬት ነው። ከጠረጴዛው እስከ ላይኛው ካቢኔት ያለው ከፍታ 55 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ የመረጥነው ሴራሚክ 30 በ60 ነበር። የቡድኑ መሪ የጠረጴዛውን ቀጥታ በውሃ ልክ ካረጋገጠ በኋላ ሙሉው ረድፍ ከታች እንዲጀምር፣ ቁራጩ ደግሞ ከካቢኔቱ ሥር እንዲውል ወሰነ፤ የሚያበስል ሰው ዐይን የሚያርፈው ታችኛው ረድፍ ላይ ነውና። ወደ ጎን ሲሠሩም ከጥግ አልተነሡም። የምድጃውን መሃል ምልክት አድርገው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስለሄዱ፣ በአንዱ ጫፍ ላይ እንደ ጣት የቀጠነ ቁራጭ ከመቅረት ይልቅ በሁለቱም በኩል ተመጣጣኝ ስፋት ተገኘ። ግድግዳው ከረጅሙ ካቢኔት ጎን ጋር ፍጹም ቀጥ ስላልነበረ፣ በዚያ በኩል የሚገቡትን ሴራሚኮች ከላይም ከታችም ለየብቻ እየለኩ ቆርጠዋል።

በአሸዋና በሲሚንቶ ፈንታ በከረጢት የሚሸጠውን የሴራሚክ ማጣበቂያ መጠቀማቸውም ተገቢ ነበር። በአሸዋና በሲሚንቶ የሚለጠፍ የግድግዳ ሴራሚክ አስቀድሞ ውሃ ውስጥ መነከር አለበት፤ የሚንጠባጠበው ውሃ ደግሞ ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት ተጨምቆ የተሠራ ሰሌዳ) ካቢኔት ውስጥ ከገባ እንጨቱ ያብጣል፣ ወደ ቀድሞ ቅርጹም አይመለስም። ማጣበቂያው ጥርስ ባለው ብረት በስሱ ስለሚሰራጭ የሴራሚኩ ፊት ከሶኬቶቹ ብዙ ወጣ አይልም። ጀሶ በተቀባው ክፍል ላይ ቀለሙን ፍቀው ፕራይመር (ከማጣበቂያው በፊት የሚቀባ ፈሳሽ) ቀብተዋል፤ ሲሚንቶ ያለበት ማጣበቂያ በቀጥታ ጀሶ ላይ ከዋለ ውሎ አድሮ ሊላቀቅ ስለሚችል ይህን ሳይነገራቸው ማድረጋቸውን አደንቃለሁ። በሴራሚኮቹ መካከል ላሉት መጋጠሚያዎች መሙያም ነጩን ትተን ግራጫ እንድንመርጥ መከሩን፤ ሽንኩርትና በርበሬ በዘይት በሚቁላላበት ቤት ነጭ መጋጠሚያ ንጹሕ ሆኖ አይቆይም።

ቅሬታዬ ግራናይቱና የመጀመሪያው ረድፍ የሚገናኙበትን መስመር ይመለከታል። ይህንንም እንደ ሌላው መጋጠሚያ በሲሚንቶ ሞሉት። ጠረጴዛውና ግድግዳው አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ ስለሌላቸው መስመሩ ብዙም ሳይቆይ ተሰነጠቀ፤ በእቃ ማጠቢያው አካባቢም ውሃ ወደ ካቢኔቱ ጀርባ መስረግ ጀመረ። ስንጠራቸው ሳያንገራግሩ መጥተው ፍቀው በሲሊኮን (እንደ ጎማ በሚለጠጥ ማሸጊያ) ተኩት፤ ነገር ግን ተጨማሪ ክፍያ መጠየቃቸው ትክክል አልነበረም፤ ሲሊኮን ለዚያ ቦታ የሥራው አካል እንጂ ተጨማሪ ነገር አይደለምና። እነርሱን የሚያሠራ ሰው በጠረጴዛው፣ በካቢኔቱ ጎንና በግድግዳው ጥግ ላይ ሲሊኮን እንደሚገባ በውሉ ላይ ያስጽፍ፤ የመጨረሻውን ክፍያም ያ መስመር ካለቀ በኋላ ይክፈል።