ክቡን የቆረጠብኝ የፍሬም ቤት

ሀዋሳ፣ ፒያሳ አካባቢ ነው፤ ስሙ ይቅር። ለታሪክ ክፍሌ ግድግዳ የ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካዊ የፖለቲካ ካርቱን ሣይ የቶማስ ናስትን ሦስት ካርቱኖች አሳትሜ ፍሬም አስገባሁበት፤ 1,800 ብር ከፈልኩ።

እንጨቱ ያስመሰግናል። ማዕዘኖቹ ምላጭ አያስገቡም። ኅትመቱም ጥሩ ነው፤ የናስት ሥዕሎች እንጨት ላይ ተቀርጸው ይታተሙ ስለነበር ጥላቸው ሁሉ የቀጫጭን መስመር ክምር ነው፤ ደካማ ማተሚያ ጭቃ ያደርገዋል። እዚህ ግን በጭንቅላቱ ፋንታ የገንዘብ ከረጢት የተሸከመው የኒው ዮርኩ ሙሰኛ የፖለቲካ አለቃ የዊልያም ትዊድ ደረት ላይ ያለው አልማዝ እንኳ ጥርት ብሎ ይታያል።

ጉዱ ሦስተኛው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1871 «ሃርፐርስ ዊክሊ» በተባለው የአሜሪካ ሳምንታዊ መጽሔት ላይ የወጣ ሥዕል ነው፤ የሕዝቡን ገንዘብ ማን ሰረቀ ሲባሉ የኒው ዮርክ ሹማምንትና ግብረ አበሮቻቸው ክብ ሠርተው እያንዳንዱ ጣቱን አጠገቡ ባለው ላይ ይቀስራል። ቤቱ ከፍሬሙ ጋር ላመጣጥን ብሎ የቀኙን ጠርዝ ሁለት ጣት ያህል ቆርጦ ጥሎታል። ክብ የሌለው ክብ!

«ማን ቆረጠው?» አልኩ። ሒሳብ ተቀባይዋ «ጋሼ፣ ፍሬም ሠሪው ነው» አለችኝ። ፍሬም ሠሪው ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠውን ልጅ አሳየኝ። ልጁም «እርስዎ ያመጡት ፋይል ነው» ብሎ ጣቱን ወደ እኔ አዞረ። ሥዕሉን ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው። ሴትየዋ ቀድማ ሳቀች፤ ልጁ ግን አልሳቀም። ያለ ክፍያ ደግመው ሠሩልኝ፤ ሆኖም «ነገ ይምጡ» አራት ጊዜ ሰምቻለሁ፤ የባጃጁን ሒሳብ ማን ያስብልኝ?

ለምን ናስት ላላችሁኝ፦ ትዊድ መራጮቼ ማንበብ ባይችሉም ሥዕል ያያሉ ብሎ ተማርሮበታል ይባላል። ከእስር አምልጦ ስፔን ሲገባም እ.ኤ.አ. በ1876 ማንነቱ የታወቀው በናስት ሥዕል ነው። ይኸው እጅ ግን አየርላንዳውያንን በዝንጀሮ፣ የካቶሊክ ጳጳሳትን ከውኃ በሚወጣ አዞ መስሏል። የአዞውንም ሥዕል አሳትሜዋለሁ፤ ለክፍል ክርክር መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ፍሬም ግን አላወጣሁበትም።

ወደዚያ ቤት የምትሄዱ ከሆነ በሥዕሉ ዙሪያ ነጭ ጠርዝ አስተርፋችሁ ውሰዱ፤ መጠኑንም በወረቀት ጽፋችሁ ለሦስቱም በየእጃቸው ስጧቸው።