ሕፃን የት ይተኛ? ለብቻው ወይስ እናቱ ጎን?

ጥያቄው የአልጋ ብቻ ይመስላል። ግን ስለ ቤተሰብ ያለንን ግምት እንደሱ የሚያጋልጥ የለም።

እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ አንድ ጥናት መካከለኛ ገቢ ያላቸውን የአሜሪካ እናቶች በጓቲማላ ከሚኖረው ማያ ከተባለው ነባር ሕዝብ እናቶች ጋር አነጻጽሯል። አሜሪካኖቹ ልጁን ለብቻው የሚያስተኙት ራሱን እንዲችል ብለው ነው። ታዲያ ማታ ማታ ሥራ አለ፤ ተረት ይነበባል፣ አሻንጉሊት ይታቀፋል። ማያዎቹ ዘንድ ይህ ጣጣ የለም። ልጁ እንቅልፉ ሲመጣ ይተኛል፣ ከእናቱ ጋር ያድራል። ሕፃን ሌላ ክፍል ብቻውን እንደሚያድር ሲሰሙ ደነገጡ። አዘኑለትም። አንዱ ወገን “ነፃነት” ያለውን ሌላው “መጣል” ብሎ አየው።

ጃፓኖች ደግሞ ልጁን መሃል አስተኝተው አዳሩን “የወንዝ ፊደል” ይሉታል። ወንዝ የሚለው ፊደላቸው ሦስት ቁም መስመር ነው፤ የመሃሉ አጠር ይላል። ደስ የሚል ስም ነው!

በደኅንነት በኩል ነገሩ የባህል ብቻ አይደለም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2022 መመሪያው ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ሕፃኑ ወላጆቹ ክፍል፣ ግን በራሱ አልጋ እንዲተኛ ይመክራል። ሁለቱም ወገን ግማሽ ግማሽ ደረሰው ማለት ነው።

“ራሱን እንዲችል” የሚለው ክርክር ግን እኔን አያሳምነኝም። ወላጆቹ መሃል ተኝቶ ያደገ የጃፓን ልጅ በ6 ዓመቱ ያለ ወላጅ በእግሩ ትምህርት ቤት መሄዱ የተለመደ ነው።