ጥንቸል ያየ ውሻ ስሙን ይረሳል፦ ጃክ ራስል፣ ቢግል ወይስ ግሬይሀውንድ?

በወር ሁለት ሦስት ጊዜ ይደወልልኛል። ወይ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ወይ ከአሌክሳንድሪያ፤ ሁለቱም እዚሁ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ናቸው። ጥያቄው ሁሌ አንድ ነው። «ልጆቹ ውሻ ውሻ እያሉ አላስቀምጥ አሉን። አንተ ውሻ ታውቃለህ፤ የትኛው ይሻላል?» እውነቱን ለመናገር ውሻ አላውቅም። እኔ የማውቀው በውሻ መክሰርን ነው። ለአንዱ ያስረዳሁትን ለሌላው መድገም ስለሰለቸኝ ይኸው ጽፌዋለሁ።

ደዋዮቹ ብዙውን ጊዜ ከሦስት አንዱን ነው የሚያነሱት፦ ጃክ ራስል፣ ቢግል፣ ወይም ከውድድር ጡረታ የወጣ ግሬይሀውንድ። ሦስቱም ለአደን የተዳቀሉ ናቸው። ጥንቸል ወይም ሽኮኮ ካዩ ስማቸውን ይረሳሉ። «ቡችላ ሳለ ካሠለጠንከው ይተዋል» የሚላችሁ ሰው ወይ ሻጭ ነው፣ ወይ ውሻ ኖሮት አያውቅም። ሥልጠና ያለዝበዋል እንጂ አያጠፋውም። ልዩነታቸው አስተዳደናቸው ላይ ነው። ጃክ ራስል ጉድጓድ ገብቶ ያድናል። ቢግል በአፍንጫው፣ ግሬይሀውንድ በዓይኑ። ገንዘባችሁም በዚያው ነው የሚሄደው፤ ወይ ለአጥር፣ ወይ ለፍለጋ፣ ወይ ለገመድ።

ቶሎ ተናግሬ ልገላገል፦ የእኔ ምርጫ ግሬይሀውንዱ ነው። እሱ ጋ የደረስኩት ግን ቡቺ በሚባል ጃክ ራስል በኩል ነው።

ቡቺን በ1,200 ዶላር ገዛሁት። ሜሪላንድ ከ2020 ጀምሮ የቤት እንስሳት መደብሮች ውሻ እንዳይሸጡ ከልክላለች። ስለዚህ ሁላችንም ኢንተርኔት ላይ ነው የምንፈልገው። ማስታወቂያው «ንጹሕ ጃክ ራስል፣ የኤኬሲ ወረቀት ያለው» ይላል። ሻጩ «ቤቴ ሩቅ ነው፣ መንገድ ላይ እንገናኝ» አለኝ። ነዳጅ ማደያ ፓርኪንግ ውስጥ ተገናኘን። ቡችላውን ከካርቶን አውጥቶ ሰጠኝ፣ ወረቀቱን ሰጠኝ፣ ብሩን ቆጠረ፣ ሄደ። የቡችላውን እናት አላየኋትም። የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል የተባለው ለእኔ ነው።

ያኔ ያላወቅኩትን አሁን ልንገራችሁ። ኤኬሲ የሚባለው ትልቁ የአሜሪካ የውሻ ዘር መዝጋቢ «ጃክ ራስል» ብሎ የሚመዘግበው ውሻ የለም። በ2003 ስሙን ፓርሰን ራስል ቴሪየር ብሎ ቀየረው። አጠር የሚለውን ደግሞ በ2012 ራስል ቴሪየር ብሎ አስገባ። ጃክ ራስል በሚለው ስም የሚመዘግብ ሌላ ክለብ አለ። ስለዚህ «የኤኬሲ ጃክ ራስል» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ሻጩ ወይ አያውቅም፣ ወይ እያወቀ ነው። ሁለቱም ለገዢ አይበጅም። የእኔ ወረቀት ላይማ የኤኬሲ ስም ጭራሽ አልነበረም። ለከፈለ ሁሉ ወረቀት የሚያትም አንድ የማይታወቅ መዝገብ ነው፤ ማኅተሙ ግን ወርቃማ ነው። በ99 ዶላር የዘረመል ምርመራ አስደረግኩ። ግማሹ ጃክ ራስል፣ ሩቡ ቺዋዋ፣ የቀረው ድብልቅልቅ።

ግማሹም በቂዬ ነበር። ዘሩን ያስጀመረው ጆን ራስል የሚባል የእንግሊዝ ቄስ ነው። አዎ፣ ቄስ። ገና ኦክስፎርድ ተማሪ ሳለ፣ በ1819፣ ትራምፕ የምትባል ውሻ ከወተት ሻጭ ገዛ ይባላል። ከእሷ ያራባቸው ውሾች ሥራቸው ቀበሮ ጉድጓድ ገብቶ ማስወጣት ነበር። ስድስት ሰባት ኪሎ የምትመዝን ነገር ጨለማ ውስጥ ገብታ ጥርስ ካለው አውሬ ጋር እንድትፋጠጥ ነው ሁለት መቶ ዓመት የተመረጠችው። እኔ ደግሞ ያንን ውሻ ከጎረቤት ጋር ግድግዳ በሚጋራ ታውንሀውስ ውስጥ አስቀመጥኩት።

መጀመሪያ የማይታይ አጥር አስገባሁ። ሽቦው መሬት ውስጥ ይቀበራል፣ ውሻው መስመሩን ሲያልፍ አንገቱ ላይ ያለው ማሰሪያ ይነዝረዋል። 1,150 ዶላር። ቡቺ ሽኮኮ ሲያይ ንዝረቱን ከቁብ አልቆጠረውም፤ ጥሶ ወጣ። መመለሱን ግን ፈራ። ሲወጣ ሽኮኮ ነበረ፣ ሲመለስ ያለው ንዝረት ብቻ ነው። ጎረቤት ሣር ላይ ቆሞ ሁለት ሰዓት አለቀሰ። ከዚያ የእንጨቱን አጥር ሥር ሥሩን መቆፈር ጀመረ። ከአጎቴ ልጅ ጋር ሆነን የሽቦ መረብ አጥፈን፣ ግማሹን በአጥሩ ቁመት ግማሹን መሬት ለመሬት አድርገን ቀበርነው። 480 ዶላርና አንድ ሙሉ ቅዳሜ። ይኼኛው ሠርቷል። ጃክ ራስል የሚገዛ ሰው ውሻው ሳይመጣ በፊት ይህን ይሥራ።

ከዚያ ግራውንድሆግ መጣ። ለማታውቁት፣ ሽኮኮ ቅቤ እየጠጣ ቢወፍር እሱን ይመስላል። በጓሮ በረንዳችን ጣውላ ሥር ጉድጓድ ነበረው። ቡቺ ገባ፣ አልወጣም። ከወለሉ በታች የሁለት እንስሳ ጩኸት ይሰማል። ጣውላ ነቅለን ስናወጣው ከንፈሩም ጆሮውም ተዘልዝሏል። ሌሊት ሰባት ሰዓት ድንገተኛ ክሊኒክ ገባን። 1,900 ዶላር። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ ጊዜው ስላላለፈ ማጠናከሪያ ተወጋና 45 ቀን ቤት ውስጥ እንድንጠብቀው ታዘዝን። ክትባቱ አልፎበት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ከዚህ ይከፋ ነበር። የክትባቱን ካርድ ፍሪጅ ላይ ለጥፉት።

የመጀመሪያው ወር የትል መድኃኒትና ምርመራ 340 ዶላር ነበር። እሱን ጨምሩና ደምሩት፦ ዓመት ተኩል ሳይሞላ 5,169 ዶላር። ምግብ አልገባበትም። ቡቺ አሁን ፈረስ የሚያረባ ሰው ጋ ነው። ጋጣው ውስጥ አይጥ አይጠፋም። ሰውየው «ደመወዝ የማይጠይቅ ሠራተኛ ሰጠኸኝ» ይለኛል። ጋጣ ካላችሁ ጃክ ራስል ግዙ፤ እኔ ጋጣ አልነበረኝም።

ወንድሜ ከእኔ ተምሮ ቢግል ገዛ። 1,000 ዶላር፣ ከአርቢው ቤት፣ እናቲቱን በዓይኑ አይቶ። ደህና አድርጎ ገዝቷል። አንዳንድ ሻጮች «ፖኬት ቢግል» እያሉ ትንንሹን አስወድደው ይሸጣሉ። ኤኬሲ የሚያውቀው ሁለት መጠን ብቻ ነው፤ ከ13 ኢንች ያልበለጠና ከ13 እስከ 15 ኢንች። በ«ፖኬት» ስም ተጨማሪ ብር እንዳትከፍሉ።

ቢግልን ሳታውቁት ታውቁታላችሁ። ኤርፖርት ውስጥ ሻንጣ ለሻንጣ እያሸተተ የሚዞረው እሱ ነው። ሥራውን ያስጀመረው የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ነው፣ በ1984። እናቴ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ቋንጣውን በጨርቅ ጠቅልላ፣ ጨርቁን በፌስታል አስራ፣ ፌስታሉን በርበሬ ውስጥ ቀብራው ነበር። ውሻው መጣና ሻንጣዋ አጠገብ ቁጭ አለ። አልጮኸም፣ አልተናከሰም። ቁጭ ብቻ። ቋንጣው እዚያው ቀረ። እስከ ዛሬ ወንድሜ ቤት ስትሄድ የእሱን ቢግል «ሰላዩ» ነው የምትለው።

እንግዲህ ያ አፍንጫ ነው ቤታችሁ የሚገባው። የጥንቸል ዱካ ካገኘ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። ብትጠሩት አይሰማም፣ ሥጋ ብታሳዩት አያይም። የግሬይሀውንድ አደን ጥንቸሏ ከዓይን ስትሰወር ያበቃል። የቢግል ያኔ ነው የሚጀምረው። ወንድሜ ሁለት ጊዜ ሌሊት በመኪና ፈልጎታል። አንዴ ስድስት መስመር ያለው መንገድ ተሻግሮ ነው የተገኘው። አሁን አንገቱ ላይ ጂፒኤስ አለ፤ በወር 8 ዶላር ይከፈልበታል። ጩኸቱም ሌላ ነው። እንደ ውሻ አይጮኽም፣ እንደ ጡሩምባ ይነፋል። ወንድሜ አፓርትማ ውስጥ ስለሆነ ከሕንፃው አስተዳደር ሁለት ደብዳቤ ደርሶታል።

ያከሰረው ግን ጥንቸል አይደለም፤ ዶሮ ወጥ ነው። የፋሲካ ለት ሰው ሁሉ ሳሎን ሳለ ሰላዩ ወንበር ላይ ወጥቶ ድስቱን ጎተተ። ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራል። ነጭ ሽንኩርትም እንደዚያው። የእኛ ወጥ ደግሞ ከሽንኩርት ሌላ ምን አለው? አጥንቱም በስሎ ስለሚሰነጠቅ አንጀት ይወጋል። ሦስት ቀን ክሊኒክ ተኛ፣ 2,300 ዶላር። ወጥ የማይጠፋበት ቤት ቢግል ካስገባችሁ፣ ክዳኑ የሚቆለፍ ቆሻሻ መጣያ ግዙ፤ ድስትም ያለ ጠባቂ አይቀመጥ። ከልጅ ጋር ለመጫወት ከሦስቱ የሚደርስበት የለም፤ ይህን አልክድም።

ወደ መብረቅ፣ ወደ ግሬይሀውንዴ ልምጣ። ስሙን ያወጣችው ልጄ ናት፣ እንቅልፋም መሆኑን ሳታውቅ። ለማደጎ ድርጅት የከፈልኩት 400 ዶላር ነው። ተኮላሽቷል፣ ተከትቧል፣ ጥርሱ ተጠርጓል፣ ማይክሮቺፕ ገብቶለታል። ይህን ሁሉ ራሳችሁ ለቡችላ ብታስደርጉ ስንት እንደሚመጣ ለአንድ ክሊኒክ ደውላችሁ ጠይቁ፤ ከዚያ ውሻው በነፃ እንደመጣላችሁ ይገባችኋል። እንደ ድሮው በገፍ ግን አይገኝም። የፍሎሪዳ ሕዝብ በ2018 ድምፅ ሰጥቶ የግሬይሀውንድ ውድድር በ2020 መጨረሻ እዚያ ቆመ። ከ2022 በኋላ የቀረችው ዌስት ቨርጂኒያ ብቻ ናት። ለእኛ ቅርብ መሆኗ ጠቅሞናል፤ ቢሆንም ስምንት ወር ጠብቄያለሁ።

ከቡቺ ወረቀት በኋላ ደስ ያለኝ ጆሮው ነው። የአሜሪካ የውድድር ግሬይሀውንድ ሁለት ጆሮው ውስጥ ንቅሳት አለው። የግራው አብረውት የተወለዱት ሁሉ የሚመዘገቡበት ቁጥር ነው። የቀኙ የተወለደበት ወር፣ የዓመቱ የመጨረሻ አኃዝና ከወንድም እኅቶቹ ስንተኛ እንደሆነ የሚነግር ፊደል ነው። መብረቅ 6፣ 9 እና ሦስተኛው የእንግሊዝኛ ፊደል አለው፤ ሰኔ 2019 በፈረንጆች፣ ሦስተኛ። እዚህ ላይ ወርቃማ ማኅተም አያስፈልግም።

ሌላው ጥቅሙ አዋቂ ሆኖ መምጣቱ ነው። ጠባዩ ታይቷል፣ ድመት ፊት ቀርቦ ተፈትኗል። የመብረቅ ፋይል «ለትንሽ ውሻ ደህና ነው፣ ለድመት አይሆንም» ይላል በግልጽ። ቡችላ ሻጭ እንዲህ ብሎ አይነግራችሁም፤ እሱም አያውቀውማ። ድመት ካላችሁ ፈተናውን ያለፈውን ጠይቁ፣ እሱም አለ።

አይቆፍርም። አይጮኽም ማለት ይቻላል። ጠዋትና ማታ በእግር ይወጣል፣ ሌላውን ጊዜ ሶፋ ላይ በጀርባው ተንጋሎ፣ አራት እግሩን ሰቅሎ ይተኛል። እናቴ መጀመሪያ ስታየው «ይሄ ውሻ ታሟል እንዴ? ጠበል አትወስደውም?» አለች።

ግን በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል። ያለ ገመድ አንድም ቀን አትልቀቁት። ያ እየተሳበ የሚረዝመው ገመድም ይቅርባችሁ፤ ሙሉ ፍጥነት ላይ ደርሶ ገመዱ ሲያልቅ አንገቱን ይጎዳል። ተራ የአንገት ማሰሪያ ከጭንቅላቱ ሾልኮ ይወጣል፣ ምክንያቱም አንገቱ ከጭንቅላቱ ይሰፋል። ሲጎተት የሚጠብቀውን፣ ማርቲንጌል የሚባለውን ግዙ፤ 25 ዶላር። ቆዳው ስስ ነው። ቁጥቋጦ ቧጥጦት 380 ከፍያለሁ። ጥርሱ ከሁለት ዓመት በኋላ እንደገና 850 አስወጣኝ። የክረምት ልብስ 60፣ ወፍራም ፍራሽ 120። ከማደጎው ክፍያ ጋር 1,835 ዶላር። ቡቺ ይህን ከግራውንድሆግ ጋር ባደረገው አንድ ሌሊት ጨርሶታል።

ጥንቸልስ? ይገድላል። ልጆቼን ያስለቀሰው በስቅለት ለት ነው። እዚህ ጥንቸል ሣር መሃል ጎድጎድ አድርጋ ትወልዳለች፤ እኔ ጓሮውን ሳላይ በሩን ከፈትኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ሳልቆጥር አለቀ። ሕይወቱን ሙሉ በውድድር ሜዳ ሲያባርር የኖረው የማሽን ጥንቸል ነበር፤ እውነተኛዋን ሲያገኝ ምን እንደሚያደርግ ለመማር ጊዜ አላስፈለገውም። እናቴ በስልክ ስትሰማ ያሳሰባት ሌላ ነው። «በስቅለት ሥጋ በላ?» አሁን ከሚያዝያ እስከ መስከረም በር ከመክፈቴ በፊት ጓሮውን ዞሬ አጨበጭባለሁ። ጎረቤቶቼ ለምደውኛል።

ትናንት ማታ ደግሞ አንድ ጓደኛዬ ፎቶ ላከልኝ። ነጭና ቡናማ ቡችላ፣ «ንጹሕ ጃክ ራስል፣ ከነወረቀቱ፣ 800 ዶላር»። ቅዳሜ ነዳጅ ማደያ ጋ ሊገናኙ ተቀጣጥረዋል። «እናቱን አየሃት?» ብዬ ጻፍኩለት። አንብቦታል፣ እስካሁን አልመለሰም።